ዘጠኝ ጭብጨባ፣ ሦስት ቁራጭ

ጭምቷ የካውያውን ካርቶን ለሦስተኛ ጊዜ ገለበጠችው። «ስቲም» ይላል፤ አንድ ጭብጨባ። ከጎኑ «አይረን»፤ ቢበዛ ሁለት። የክሩ ማሸጊያ ላይ «ኮተን»፣ የመርፌው ላይ «ኒድል»። ቤቱ በዕቃ ተሞልቶ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም መጥፋቱ አናደዳት። ተራዋ ነገ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራቸው የማይነቃነቅ ልማድ ነበረው። በየሳምንቱ አንድ ተማሪ አንድ ረጅም ስም ይዞ ይመጣል። ቃሉ ከመጽሐፍም ከስልክም አይቀዳም፤ ተማሪው በገዛ ዓይኑ ካየው ዕቃ፣ ማስታወቂያ ወይም ወረቀት ላይ መገኘት አለበት። «ቃል እንደ ሰው ነው፤ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ተዋወቁት» ይላል መምህሩ። ቃሉ በረጅም ካርቶን ላይ ተጽፎ ክፍል ፊት ይቀርብና መጀመሪያ በጭብጨባ ይቆጠራል፤ ቀጥሎ ድምፁ የሚከብድበት ቦታ በእግር ይረገጣል፤ በመጨረሻ በመቀስ ይቆረጣል። ሲያልቅ ያመጣው ተማሪ ከካርቶኑ ጀርባ ቃሉን የት እንዳገኘው ጽፎ ይፈርምና ግድግዳው ላይ ይሰቀላል።

ባለፈው ሳምንት ተረኛዋ ጓደኛዋ ነበረች። ክፍሉ በሙሉ «ራዲዮ» ነው የሚላት፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ራዲዮ ከጎረቤት ደጅ ከተጣለ ካርቶን ላይ «ሪፍሪጅሬተር»ን አምጥታ አምስት ጭብጨባ ስታገኝ መሬት አልበቃትም። «አንቺ ደግሞ "ኒድል" ይዘሽ ነይና እንሳቅ» ስትል ዛሬ መንገድ ላይ ሙድ ይዛባታለች። «ጭምቷ» የሚለውን ስም ያወጣችላትም እሷው ናት። ልጅቷ የሰማችውን ሁሉ ውጣ ስለምትቀር፣ ራዲዮ ምስጢሯን የምታስቀምጠው እሷ ዘንድ ነበር፤ ከዚያ ራሷው ዞራ ለሌላው ትናገረዋለች እንጂ።

«ነይማ፣ እዚህ ቁሚልኝ» አለች እናቷ ከስፌት መኪናው ጀርባ።

ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ ቁምሳጥን፣ በሩ ላይ ፀሐይ ያነጣው መጋረጃ። እናቷ ጥቁር ሰማያዊ የዩኒፎርም ጉርድ አምጥታ ወገቧ ላይ ያዘችባት። ወገቡ በአራት ጣት ሰፋት፤ ርዝመቱ ቁርጭምጭሚቷን ነካ።

«የማን ነው?»

«የሰው ነው። ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ ሦስተኛው ነው። «የሰው» የተባለው ሁሉ እሷ ላይ እየተለካ ከቁምሳጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ይገባል እንጂ ሰው መጥቶ ሲወስደው አላየችም።

እናቷ ክፉ ነገርን በር ሳያንኳኳ ከፍታ የምትጠብቅ ሴት ናት። ጭምቷ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች፣ እናቷ በሐሳቧ ሦስት ሆስፒታል አዳርሳ ትቆያታለች። አባቷ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ቤት ከገባ ሁለት ወር አልፎታል። ሲደውል ገና ሰላም ሳትለው «መሪ ይዘህ ነው?» ትለዋለች። «የፈሩት ይደርሳል ይባላል እኮ» ይላታል እየሳቀ። «እኔ ፈርቼ ነው የማስቀረው» ትመልስለታለች፤ የምሯን ነው።

ሰሞኑን ግን ስለሚመጣው ክፉ ነገር ምንም አትልም። ዝም ብላ ትሰፋለች።

ጉርዱን አጣጥፋ ካስቀመጠች በኋላ ዚፕ አለቀብኝ ብላ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ወጣች። ጭምቷ ብቻዋን ስትቀር ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለው የልክ ደብተር ላይ አረፈ።

በዚህ ደብተር ውስጥ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ገጽ አለው፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ርዝመት። ለጥገና ከመጣ ልብስ ኪስ ውስጥ የተረሳ ነገር ከተገኘም፣ ደረሰኝ ይሁን ፎቶ ወይም የፍቅር ደብዳቤ፣ እናቷ ሳታነበው ባለቤቱ ገጽ ውስጥ ታስገባዋለች። ባለቤቱ ሲመጣ ገጹን ገልጣ ትሰጠዋለች። በዚህ ልማድ እስከ ዛሬ የማንም ወረቀት ጠፍቶም፣ የማንም ምስጢር ወጥቶም አያውቅም። ለዚህም ነው ጭምቷ እናቷ ልክ ስትጠራላት ከመጻፍ በቀር ደብተሩን ብቻዋን መክፈት የተከለከለችው።

የኪስ ወረቀት ላይ ግን ረጅም ቃል አይጠፋም።

አውራ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳለፈች። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ የታጠፈ ወረቀት ጫፉን አውጥቷል። ሳበችው። የጤና ጣቢያ ማኅተም አለበት፤ ከማኅተሙ በላይ አንድ ቃል ብቻውን የመስመሩን ግማሽ ይዞ ተዘርግቷል። ልቧ በደስታ ዘለለ። እጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ሳትገልጥ ፊደል በፊደል ቀዳችው። የሰው ስም አላነብም፣ ቃሉን ብቻ ነው የምወስደው ስትል ለራሷ ነገረችና የእናቷ ነጠላ ጫማ ሲንሿሿ ስትሰማ ወረቀቱን ከነበረበት መለሰችው። ገጹን ስትዘጋው ቀይ ቀለም ዓይኗ ላይ ብልጭ ብሎ አለፈ፤ ያኔ ልብ አላለችውም።

በማግስቱ ካርቶኑን ሰሌዳው ላይ ስትለጥፍ ክፍሉ ተንጫጫ።

«ይሄ ቃል ነው ባቡር?» አለች ራዲዮ።

መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ ቃሉን አየው፤ ከዚያ እሷን አየ፤ የት እንዳገኘችው ጠየቃት። ከደንበኛ ኪስ ከወጣ ወረቀት ላይ ነው አለች። በዚያች ሰዓት የምታውቀው ይህንን ብቻ ነበር።

ጭብጨባው ተጀመረ። የፊት ረድፉ ስምንት አለ፤ የኋላው አሥር ደርሶ ተበተነ። በሦስተኛው ሙከራ መምህሩ በእጁ እየመራቸው አንድ ላይ ሄዱ፤ ሃይ፣ ፐር፣ ኮ፣ ሌስ፣ ተ፣ ሮ፣ ሊ፣ ሚ፣ ያ። ዘጠኝ። በክፍሉ ታሪክ ከዚህ የበለጠ አልተመዘገበም። ራዲዮ ሽንፈቷን በጸጋ ተቀብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች።

ቀጥሎ እርግጫው መጣ። መጀመሪያው ላይ ሲረግጡ ቃሉ አነከሰ። አራተኛው ላይ ሲረግጡ ደግሞ መሃሉ ጎበጠ። ሰባተኛው ላይ፣ «ሊ» ላይ፣ አርባው እግር አንድ ላይ ሲያርፍ ግን ቃሉ በራሱ መንሸራተት ጀመረ። መምህሩ ፈገግ አለ። «ረጅም ቃል ሁሉ ሸክሙን የሚያሳርፍባት አንድ ትከሻ አለችው። እሷን ካገኛችሁ ሌላው ቀላል ነው።»

መቀሱን ለጭምቷ ሰጣት። ልጆቹ ዘጠኝ ቦታ ቁረጪው እያሉ ጮሁባት። እሷ ግን እናቷ ያረጀ ኮት ስትፈታ አይታለች፤ ጨርቅ የሚፈታው በስፌቱ እንጂ በእጥፋቱ አይደለም። መምህሩም ይህንኑ ነው ያለው፤ ጭብጨባ የአፍ ነው፣ መቀስ የትርጉም ነው፣ አፍ በከፈለበት ሁሉ ትርጉም አይከፈልም። ሁለት ጊዜ ብቻ ቆረጠች። ሁለተኛው ቁርጥ ሰባተኛውን ጭብጨባ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው፤ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ቀረ።

ሦስት ቁራጭ ሆነ። የፊተኛው «ከልክ በላይ» ማለት ነው አለ መምህሩ። የኋለኛው ቅጥያ «በደም ውስጥ» ማለት ነው። የመሃለኛውን ማንም ሊተረጉምላቸው አላስፈለገም።

«ኮሌስትሮል» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። «አጎቴ ጋ አለ። እንቁላል ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አብሯቸው ትንሽ ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የፈታነው ቃሉን ነው፤ ሕመሙን አይደለም። ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም። ያንን ሐኪም ነው የሚናገረው።» ከዚያ ቁራጮቹን ለጭምቷ መለሰላትና ጀርባቸው ላይ የተገኙበትን ጽፋ ፈርማ ነገ እንድታመጣ ነገራት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ራዲዮ ወሬዋን ከፈተች። የወረቀቱ ባለቤት የቱ ደንበኛ እንደሆነ መገመት ጀመረች። ዳቦ ጋጋሪው ነው፣ አይደለም እሱ ቀጭን ነው፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፣ እሷ ደግሞ ልብሷን የምታሰፋው ሌላ ጋ ነው።

«አንቺ፣ ቆይ፣ የማን ገጽ ውስጥ ነበር? እናትሽ በየባለቤቱ ገጽ አይደል የምታስቀምጠው?»

ጭምቷ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች።

ቀይ ነበር። ገጹ የተጻፈው በቀይ ነበር። እናቷ ደንበኞቿን ሁሉ በሰማያዊ ነው የምትጽፈው። በቀይ የምትጽፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ሰማያዊው የሥራዬ፣ ቀዩ የሆዴ» ትል ነበር ጭምቷ ትንሽ ልጅ ሳለች ስታሳያት። ያ ገጽ የእሷ የራሷ ነው። እሷ ደግሞ ሰሞኑን ጤና ጣቢያ አልሄደችም። አባቷ ሁለት ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለች ራዲዮ።

«ምንም» አለችና መንገዱን በሩጫ ተያያዘችው። ጆሮዋ ውስጥ አርባ ልጅ ያጨበጭባል። ክፍሉ የሳቀው በማን ላይ እንደነበር አሁን ገባት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ደብተሩን ከፈተች። በቀዩ ገጽ አናት ላይ የእሷ የአሥራ አራት ዓመት ልክ አለ። ከሥሩ አዲስ መስመሮች ተሰምረዋል። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። በእያንዳንዱ ትይዩ ገና ያልደረሰችባቸው ልኮች ተጽፈዋል፤ ወገብ ሁለት ሴንቲ ጨምሮ፣ ርዝመት ሦስት፣ አራት። ሦስቱም ላይ አልቋል የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል። በመጨረሻ አሥራ ስምንት። እዚያ ልክ የለም። «ትከሻ፣ እንደኔ ይሆናል» ተብሎ ብቻ ተጽፏል።

ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ዘረጋችው። የእናቷ ስም ነው። ተጨማሪ ምርመራ ታዞ የቀጠሮ ቀን ተቆርጦላታል። ቀጠሮው ካለፈ ስምንት ቀን ሆኖታል።

የእናቷ ልጅ ናትና በአንድ ትንፋሽ ሁሉን አየችው፤ የቆመ የስፌት መኪና፣ የተዘጋ መጋረጃ፣ ከመደርደሪያው አንድ አንድ እያለ የሚወርድ ጉርድ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ከካርቶኑ ጀርባ «ከደንበኛ ኪስ» ብሎ መጻፍም ይቻላል። ማንም አያውቅም። ጭምት ናት፤ ሆዷ ብዙ ነገር ችሏል፣ ይሄንንም ይችላል። ግን ዓይኗን ከገጹ ስታነሳ ለአሥራ ስምንቱ የሚሆን ጨርቅ ተቆርጦ፣ በጠመኔ ተሰምሮ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ አየች። እሷ ዝም ካለች እናቷ መስፋቷን ትቀጥላለች። ጤና ጣቢያ አትሄድም።

ደብተሩን አልዘጋችውም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጠበቀች።

እናቷ ባዶውን የልብስ ቅርጫት ይዛ ገባች፤ የተከፈተውን ገጽ አየች፤ ቅርጫቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ማን ክፈቺው አለሽ?»

«ማንም። ትናንትም ከፍቼዋለሁ። ቃል ፍለጋ ነበር።»

እናቷ የተቆረጠውን ጨርቅ ከጠረጴዛው አንስታ ተቀመጠች። ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ላከችው፤ ሳተ። እንደገና ላከችው፤ ሳተ።

«ቀጠሮው ስምንት ቀን አልፎታል፣ እማ።»

«አውቃለሁ።»

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ብዙ ነገር አለ መሰለኝ። ያንን ቃል አንድ ጊዜ ከጠራው በኋላ ግን አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልሰማሁትም። ተነስቼ ወጣሁ።» ክሩን በከንፈሯ አራሰችው። «ወረቀቱን መንገድ ላይ ቆሜ አየሁት። የመስመሩን ግማሽ ይይዛል። ለትንሽ ነገር እንዲህ ያለ ስም አያወጡም ብዬ...»

ለአባቷ ነግራው እንደሆነ ጠየቀቻት።

«መሪ ይዞ?» አለች እናቷ።

ጭምቷ ሦስቱን የካርቶን ቁራጮች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ መጀመሪያ አጣብቃ፣ ቃሉ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ። የእናቷ ዓይን አወቀውና ሸሸ። ጭምቷ አንድ ቁራጭ ወደ ግራ፣ አንድ ቁራጭ ወደ ቀኝ አራቀች። ዘጠኝ ጭብጨባ እንዳለው ነገረቻት። የት ላይ እንደሚረገጥ አሳየቻት። የተቆረጠው ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በስፌቱ ላይ።

«ይሄ "ከልክ በላይ" ነው። ያ "በደም ውስጥ" ነው። የመሃሉን አንቺ አንብቢው።»

እናቷ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች ናት፤ እንግሊዝኛ ከነካች ግን ዘመን የለውም። ቁራጩን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ከንፈሯ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

«ኮ... ኮሌስትሮል?» አለች። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ። የባንኩ ጥበቃ ሱሪውን ሦስት ጊዜ ሲያስጠብብ ስለሱ ነበር የሚያወራኝ። ሐኪሙ ብዙ በእግርህ ሂድ ብሎት ወገቡ እየቀነሰ... ስድስት ዓመቱ ነው።» ቁራጩን አስቀመጠችው፤ መልሳ አነሳችው። «ታዲያ ይሄ ብቻ ነው?»

እናቷ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ጭምቷ «አዎ፣ ይሄ ብቻ ነው» ለማለት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ እናቷ ደግሞ ዛሬ የሚያስፈልጋት ያቺ ቃል ብቻ ነበረች።

«ቃሉ ይሄ ብቻ ነው» አለች። «ሕመሙን ግን አላውቅም። ሐኪሙ ነው የሚያውቀው። ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺ ባትሰሚ እኔ እሰማለሁ፤ የሚለውን ሁሉ እጽፈዋለሁ።»

«ትምህርትሽስ?»

«መምህሬ ይገባዋል።»

እናቷ ክሩን አስቀመጠችው። ከዚያ «የእኔ እንደሆነ ክፍል ውስጥ ተናግረሻል ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። ጭምቷ ከደንበኛ ኪስ ነው እንዳለች፣ ያኔ እውነት መስሏት እንደነበር፣ ልጆቹም እንደሳቁ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። እናቷ እጇን ዘርግታ የልጅቷን ጆሮ ያዝ አድርጋ ለቀቀች፤ ቁጣም ይቅርታም ነበረበት።

«ከጀርባው ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«ምንም። አይሰቀልም። ቃሉ ባለቤቱ ጋ ተመልሷል እላቸዋለሁ።»

ይህን ስትል ወረቀቱን አነሳችና የሚገባበትን ገጽ ፈለገች። በቀዩ ገጽ ውስጥ መልሳ ልታስቀምጠው አልፈለገችም። ገለጠች። ዳቦ ጋጋሪው አለ። የባንኩ ጥበቃ አለ፣ ወገቡ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ተጽፏል። አባቷ አለ። እስከ መጨረሻው ገለጠች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች። በሃያ ዓመት ውስጥ የመንደሩን ሰው ሁሉ የለካችው ሴት ለራሷ አንድም ገጽ የላትም።

ጭምቷ ቀዩን እስክሪብቶ ከጣሳው አወጣች። ባዶ ገጽ ላይ «እማ» ብላ ጻፈችና ሜትሩን ከእናቷ አንገት ላይ ሳበች።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

«አሁን የእኔ ልክ ምን ያደርግልሻል?»

«ሦስቱን ጉርድ ፈትተን ለአንቺ አንድ ጥሩ ልብስ እንሰፋለን። እኔን በየዓመቱ አንቺ እየለካሽ ትሰፊልኛለሽ። እጅሽን አንሺ።»

እናቷ የያዘችውን የተቆረጠ ጨርቅ ተመለከተች። ተነስታ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ እጇን አነሳች፤ ትንሽ እያፈረች፣ ሌላ ሰው ሲለካት የማያውቅ ሰው እንደሚያፍረው። ትከሻ አርባ። ደረት ዘጠና አራት። ሜትሩ ወገቧን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ አንገቷን አዘንብላ ለማየት ሞከረች።

«ስንት ነው?»

«ሰማንያ ስድስት።»

«ሰማንያ ብለሽ ጻፊ።»

ጭምቷ ሰማንያ ስድስት ብላ ጻፈች። የጤና ጣቢያውን ወረቀትና ሦስቱን ቁራጮች ገጹ መሃል አስገብታ ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ ለነገ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ከአንድ ባዶ ደብተርና ከአንድ እስክሪብቶ በቀር ሁሉንም አወጣች።